የእቴጌይቱ አልጋ አንጣፊ

ቤጂንግ፣ የዝንጀሮ ዓመት፣ ሦስተኛ ጨረቃ፣ ቀን ፲፪

ለባለቤቴ ለጂላንጋ፤ ጂንጆው የጦር ሰፈር

አባትህ፣ እናትህ፣ ልጃችን ሳይካን፣ እኔና የግቢው ድመት ደህና ነን። ደህና መሆናችን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በመንግሥት ማኅተም የተረጋገጠ ስለሆነ እንደ ሌላው ጊዜ «ለወጉ ነው የምትለው» ብለህ ማለፍ አትችልም።

ስለ ጥርሴ የሰማኸው እውነት ነው፤ ቆጥረውታል። ሃያ ዘጠኝ ሆነ። የጎደሉት ልጅህን በወለድኩ ጊዜ የወለቁ ናቸው ስላቸው ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ «በመልካም ምክንያት የጎደለ» ብሎ መዘገበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት በመጸው ያገባሉ። እቴጌይቱ በምድር ጸጥታ አዳራሽ የሚተኙበትን የጫጉላ አልጋ የሚያነጥፉት አራት ሴቶች ደግሞ ዕድላቸው ሙሉ መሆን አለበት። ሙሉ ዕድል ማለት ባሏ ያልሞተባት፣ ወንድም ሴትም ልጅ ያላት፣ ሁለቱም አማቶቿ የሚተነፍሱላት ማለት ነው። ቆንጆ ትሁን፣ ብልህ ትሁን የሚል የለበትም። እስካሁን ማንም አልሞተባትም፤ በቃ፣ ሙያዋ ይኸው ነው።

ሊመረምረን የመጣው ሹም ሙታይ ይባላል። ሲናገር የሰማዩን ጣሪያ የሚጠግን ይመስል ሽቅብ ያያል። አባትህን አስቀምጦ፣

«ዕድሜዎ?» አላቸው።

«ሰባ ሰባት።»

«የሚያምዎት ነገር አለ?»

«ጥያቄ።»

«እስከ መጸው እንዲቆዩ ይጠበቃል።»

«ሌላ ቀጠሮ የለኝም» አሉት።

እንግዲህ አባትህ ከመጸው በፊት መሞት በመመሪያ ተከልክለዋል። በየአሥር ቀኑ ሐኪም እየመጣ ምላሳቸውን ያያል። ዋስ ሆነው የፈረሙትም እርሳቸው ናቸው፤ ከቤቱ አንድ ሰው ቢጎድልና ቢደበቅ የሚጠየቁት እርሳቸው።

ይህን ሁሉ የማደርገው ለእቴጌይቱ ፍቅር ብዬ እንዳይመስልህ። ከአራቱ ሴቶች የእያንዳንዷ ወንድ ልጅ ከያለበት ወደ ቤተ መንግሥት ዘብ ይዛወራል ተብሏል። አባትህ ስልሳ በሞላቸው ቀን ተወልዶ፣ እርሳቸውም በደስታ ኒንጁ፣ «ስልሳ»፣ ብለው የሰየሙትን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም። እርሱን ወደ ቤቱ ለማምጣት ጥርሴን አይደለም፣ የራስ ጠጉሬን ቢቆጥሩ እቀመጥላቸዋለሁ።

ስለዚህ «ባል ሕያው፣ ልጅ ሕያው» የሚል ወረቀት አትመህ ላክ። እስካሁን ባለመሞትህም አመሰግናለሁ። ያለ እኔ ውትወታ የፈጸምከው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ኢልሐ


ጂንጆው፣ አራተኛ ጨረቃ፣ ቀን ፳

ለኢልሐ፦

እኔ ደህና ነኝ።
ልጁ ደህና ነው፤ ወረቀቱ ታትሞ ተልኳል።
ዝናቡ በዝቷል።

ጂላንጋ

እናቴ፣ እኔ ነኝ ከሥር። አባዬ እነዚህን ሦስት መስመሮች ለመጻፍ ከምሳ ጀምሮ ሲያምጥ ውሎ አሁን ግንድ የፈለጠ ሰው መስሎ ጋደም ብሏል። ስለ ወረቀቱ የሆነውን እርሱ አይነግርሽም፣ እኔ ልንገርሽ። ጸሐፊው በሕይወት መኖሬን በዓይኑ ማየት አለበት አሉ። ፊቱ ቆምኩ። «ተናገር» አለኝ። «ምን ልበል?» አልኩት። «ይበቃል፣ ሕያው ነው» ብሎ አባዬን አሳተመው። አያቴ ቢሰሙ «ይኼ ልጅ ለመናገር መቼ ተጠይቆ ያውቃል» ይሉ ነበር።

ለሌሎቹ ጥያቄዎችሽ፦ አዎ፣ እበላለሁ። የለም፣ በባዶ እግሬ አልሄድም። ስለ ሻምበሉ ሴት ልጅ አባዬ የጻፈልሽ ነገር ካለ ውሸት ነው፤ ካልጻፈልሽም አልጠየቅሽኝም። ሩዝ እስከ አፍንጫዬ ደርሷል፤ በእንፋሎት የምታበስዪውን የስንዴ ዳቦ በሕልሜ ሁሉ አያለሁ። ቶሎ ብለሽ ያን አልጋ አንጥፊና ልምጣ። ሳይካን ቀዩን ካፖርቴን ለብሳ ስትዞር አይቻለሁ ያለ ሰው አለ። በሃያ ቀን መንገድ ርቀትም ቢሆን ዓይን አለኝ በያት።

ኒንጁ


ቤጂንግ፣ አምስተኛ ጨረቃ፣ ቀን ፳፰

ለጂላንጋ፣ እንዲሁም ከሥር ለሚጽፈው ለዋናው ጸሐፊ

የለም፣ ዙፋን አላየሁም። ያየሁት ድስት ነው።

ለልምምድ ወስደውን ነበር። የእቴጌዎች አዳራሽ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሐርና ሽቶ ሳስብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስገባ ሦስት ትልልቅ ድስት ተጥዷል፤ በሁለቱ ውስጥ አንዳንድ ሙሉ አሳማ ይንተከተካል። ለካ በየማለዳው ሁለት፣ ከሰዓት በኋላም ሁለት አሳማ ለአያቶቻችን አማልክት የሚታረደው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ከበሮ የያዘች አሮጊት ጸሎቷን ትደግምና በአሳማው ጆሮ ትኩስ አረቄ ይፈስበታል፤ ጆሮውን ካራገበ አማልክት መሥዋዕቱን ተቀበሉ ማለት ነው። ትኩስ አረቄ በጆሮው ፈሶበት የማያራግብ ፍጥረት ካለ እኔም ባየው ደስ ይለኛል።

አብሮን የነበረውን ሽማግሌ ጃንደረባ «እቴጌዎቹ የሚኖሩት እዚህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በወረቀት፣ አዎ» አለኝ። «ሲያገቡ ሦስት ሌሊት ያድራሉ። ከዚያ ሽታ ወደሌለበት ቤት ይዛወራሉ። ቋሚዎቹ ነዋሪዎች አሳማዎቹ ናቸው።»

የጫጉላው ክፍል በምሥራቅ ጫፍ ነው፤ ግድግዳው ቀይ፣ መጋረጃው ቀይ፣ መቅረዙ ቀይ። ዕቃው ሁሉ አዲስ ነው፤ የቅቅሉ ጮማ ሽታ ግን የሁለት መቶ ዓመት ነው። በብርድ ልብሱ ላይ መቶ ወንዶች ልጆች ተጠልፈዋል፦ በክር የታሰረ የወረቀት ካይት የሚያበርሩ፣ ዛፍ የሚወጡ፣ ጸጉር የሚጓተቱ። መቶውም ደህና ናቸው፣ መቶውም ይስቃሉ። እናቶቻቸው ግን የትም አልተጠለፉም።

ከእኛ ከአራታችን አንዷ ሰባት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ስትቀመጥም ሰባቱን ከኋላዋ ያሰለፈች ይመስላታል። «አንቺ አንድ ብቻ?» አለችኝ። «ለጥንቃቄ እንኳ አልጨመርሽም?»

«የእኔ አንዱ የሰባት ሰው ሥራ ይሠራል» አልኳት፤ ሥራው ወሬ መሆኑን አልነገርኳትም።

በአዳራሹ ውስጥ የማይጠሩ ቃላት ዝርዝር ተሰጥቶናል። መቃብር፣ የሐዘን ነጭ ልብስ፣ መበለት፣ ሕመም፣ ለቅሶ፣ ማስነጠስ። ሹም ሙታይ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ሲያነብልን እያንዳንዱን ቃል እዚያው አዳራሹ መሃል ቆሞ ጠራው። ማንም አልሳቀም። እኔ አፍንጫዬን ይዤ አሳማዎቹን አየሁ።

ሁለተኛ ወረቀት ይፈለጋል፤ ከላይ የሚላክ ጸሐፊ ሰፈራችሁ ድረስ ይመጣል። ኒንጁ፣ አሁንም ፊቱ ቁምለት። ካፖርትህ ደህና ነው፤ ከአንተ ይልቅ ግን በእህትህ ላይ ያምራል።

ኢልሐ


ጂንጆው፣ ሰባተኛ ጨረቃ፣ ቀን ፪

ለኢልሐ፦

ከሥር የሚጽፈው በዚህ ጊዜ አይጽፍም። የቀስት ጅማት አውራ ጣቱን ቆርጦታል። ከባድ አይደለም። ብዕር መያዝ ግን አይመችም። ስለዚህ ገጹን እኔው እሞላለሁ።

ወንዙ እስከ ሦስተኛው ደረጃ ወጥቶ ነበር። አሁን ወደ ሁለተኛው ወርዷል። የውሃ አበባው ፈክቷል። ሰዎች በጀልባ እየሄዱ ይቀጥፉታል። ሙቀቱ የሚቻል አይደለም። የሚቻል ነው፣ ይቻላል።

የጎረቤታችን የሻምበሉ ዳክዬ አለች። ነጭ ናት፤ በግራ ክንፏ ላይ ግራጫ ነጥብ አላት። በየማለዳው በአጥሩ ሥር ሾልካ ትመጣና ደጃፋችን ላይ ትቀመጣለች። ሩዝ የሚሰጣት ልጁ ነበር። አሁን እኔ እሰጣታለሁ፤ በጣቱ ምክንያት። መጀመሪያ ከእኔ እጅ አልበላ ብላ ነበር። ሁለት ቀን ዝም ብላ አየችኝ። በሦስተኛው ቀን በላች። ሻምበሉ ሊወስዳት መጣ። ተዋት አልኩት። ተዋት።

ደግሞ አጥሩ ተጠግኗል። ከታች በኩል አንድ ሸምበቆ እንዲተው አዝዣለሁ፤ ለዳክዬዋ መግቢያ።

ስለ ልምምዱ የጻፍሽውን አነበብኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አሳማው ጆሮ ያልሽው ያስቃል።

አባቴ እንዴት ናቸው? እናቴስ? ሳይካንስ? አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል? በደንብ ብዪ። ሌላ ምን ልበልሽ። ዳክዬዋ ዛሬም መጥታለች።

ጂላንጋ


ቤጂንግ፣ ስምንተኛ ጨረቃ፣ ቀን ፩

ለጂላንጋ

አባትህ ደህና ናቸው፤ ሐኪሙ ምላሳቸውን ሊያይ ሲመጣ ሳይጠየቁ ያወጡለታል፤ ከሄደም በኋላ ትንሽ ያቆዩታል። እናትህ ደህና ናቸው። እኔም እበላለሁ።

በሃያ ዓመት ትዳር ከሦስት መስመር በላይ ጽፈህልኝ አታውቅም። መንታ ወልጄ አንዷ የሞተች ጊዜ እንኳ «ሰማሁ። አይዞሽ። እመጣለሁ» ነበር ያልከኝ፤ ሦስት መስመር፣ መጣህም። አሁን ስለ ዳክዬ ገጽ ሙሉ ጻፍክልኝ።

ደግሞም፣ አውራ ጣቱ የተቆረጠ ሰው ለዳክዬ ሩዝ ለመበተን አራት ጣት ይበቃዋል።

ሁለተኛው ወረቀት ደርሷል። ማኅተሙ ተዘቅዝቆ ነው የታተመው። ሹም ሙታይ «የጦር ሰፈር ሰው ጥድፊያ» ብሎ አለፈው። እኔ ግን አውቅሃለሁ፤ አንተ የቤት በር እንኳ ስትዘጋ ቀጥ ማለቱን ሁለት ጊዜ የምታይ ሰው ነህ።

አልጠይቅህም። ብጠይቅህ ትመልሳለህ፤ መዋሸት የማትችል ሰው ነህ፣ በዳክዬም ቢሆን። ከመለስክልኝ አውቃለሁ፤ ካወቅሁ ያን አልጋ መንካት አይፈቀድልኝም። አልነካም ካልኩ ደግሞ ለምን ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ያተምከው አንተ፣ ዋስ የሆኑት አባትህ ትጠየቃላችሁ። በሌላ በኩል ልጁ እውነት ጣቱን ብቻ ከሆነ የታመመው፣ እኔም በክፉ ሐሳቤ ምክንያት ወደ ኋላ ካልኩ፣ ወደ ቤት የሚያመጣውን ብቸኛ መንገድ በገዛ እጄ ዘጋሁት ማለት ነው።

ሠርጉ በዘጠነኛው ጨረቃ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። እንደ ድሮህ ሦስት መስመር ጻፍልኝ። አራተኛ ካለው አላነበውም።

ኢልሐ


ጂንጆው፣ ስምንተኛ ጨረቃ፣ ቀን ፳፬

ለኢልሐ፦

እኔ ደህና ነኝ።
ዝናቡ ቆሟል።
አልጋውን አንጥፊ።

ጂላንጋ


ቤጂንግ፣ ዘጠነኛ ጨረቃ፣ ቀን ፳

ለጂላንጋ

ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰኝ። ከመስመሮቹ በፊት ያነበብኩት የሌለውን ነው። ልጃችን ይቀመጥበት በነበረው መስመር ላይ ዝናብ ተቀምጧል።

አጥፌ ጫማዬ ውስጥ አደረግሁትና ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባሁ።

አነጠፍኩ። በደንብ ነው ያነጠፍኩት፤ እንዲህ ያለ አልጋ አንጥፌ አላውቅም። በአራቱ ማዕዘን የመልካም ምኞት ምልክት የሆኑትን በትሮች አኖርን፤ መሃል ላይ እህልና ወርቅ ያለበትን ማሰሮ። መቶዎቹን ልጆች ስዘረጋቸው በመዳፌ አንድ በአንድ አስተካከልኳቸው። የሰባት ልጆች እናት «ምን ያንቀራፍፍሻል? አይሸሹም» አለችኝ። «ተጨማድደዋል» አልኳት። አላለቀስኩም። ዕድለኛ ሴት አታለቅስም፤ በዝርዝሩ ላይ አለ።

እቴጌይቱ ለሰላም ምልክት ደፉ ላይ በተቀመጠው ኮርቻ ላይ ተሻግረው ገቡ። እንደገቡ አልጋው ላይ አስቀመጥናቸው። ሌሎቹ ሦስቱ ለመውለድ ምኞት የሚቀመሰውን ግማሽ ጥሬ የዱቄት ምግብ ሊያመጡ ወጡና ሁለታችን ብቻ ቀረን። ከቀይ መሸፈኛው ሥር፣

«እትዬ፣ ይህ የምን ሽታ ነው?» አሉኝ። አለችኝ ልበል፤ ልጅ ናት።

«የቅቅል አሳማ ነው፣ እመቤቴ። ሦስት ሌሊት ብቻ ነው።»

«ከዚያስ ሽታው ይለቃል?»

«ከዚያ እርስዎ ይለቃሉ፤ ሽታው ይቀራል።»

ትንሽ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ «ልጆች አሉሽ?» አለችኝ።

«አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት።»

«ወንዱ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

«እንደ እኔ» አለች።

አልዋሸኋትም። አሥራ ሰባት ነው። የዛሬ ዓመትም ብትጠይቀኝ አሥራ ሰባት ነው የምላት።

ሹመቱ ትናንት መጣ። ኒንጁ የጂላንጋ ልጅ፣ ለሰሜን በር ዘብ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ይቅረብ ይላል። በቀይ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የመጣው፤ ሁለት ሰው ጡሩንባ እየነፋ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እልል አለልኝ፤ እኔም ጎንበስ ቀና እያልኩ አመሰገንኩ።

አሁን ዕድሌ ሥራውን ጨርሷል። አሁን ጠየቅሁህ። ቀኑን ንገረኝ። ምን እንዳለ ንገረኝ። ማን እንዳጠበው ንገረኝ። ስንት መስመር ቢሆን አነበዋለሁ።

ኢልሐ


ጂንጆው፣ አሥረኛ ጨረቃ፣ ቀን ፲፮

ለኢልሐ፦

ስድስተኛ ጨረቃ፣ ቀን ዘጠኝ፣ ረፋድ ላይ። የወንዙ ትኩሳት ነው። ሦስት ቀን። በሰፈሩ አሥራ አንድ ሰው ወስዷል።

«እናቴ አልጋውን ሳታነጥፍ እንዳትነግራት» ብሎ ነበር ብልሽ ደስ ባለኝ። አላለም። ስላንቺም ስለ እኔም ምንም አላለም። ያለው ውሃ ነው። ሰጠሁት። ደገመ። ሰጠሁት። በመጨረሻው ማለዳ የስንዴ ዳቦ ሸተተኝ አለ። የሚበስል ዳቦ አልነበረም። አዎ፣ ይሸታል አልኩት።

ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላስነካሁም። ጠጉሩን ጎንጉኜዋለሁ። ጉንጉኑ ጥሩ አልሆነልኝም፤ ደገምኩት።

ከቀብሩ ስመለስ ከላይ የተላከው ጸሐፊ ሁለተኛውን ወረቀት ይዞ ደጃፌ ላይ ቆሟል። እንግዳ ሰው ነው፤ ሰፈራችንን አያውቅም። ፀሐዩ መቶት ነበርና ቸኩሏል። «ባል ሕያው?» አለኝ። አዎ አልኩ። «ልጅ ሕያው?» አለኝ። የለም የሚለው አንድ ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም። ካልተናገርኩት ያልሆነ መሰለኝ። ማኅተሜን አንስቼ ወረቀቱን መታሁት። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አላየሁም። «ፊቴ ይቁም እንጂ» አለኝ። ተኝቷል አልኩት። ሄደ።

ብልሃት አልነበረም፤ እንዳትመሰግኚኝ። በማግስቱ ሊቀለበስ ይቻል እንደሆን ወደ አዛዣችን ሄድኩ። «ወረቀት ከሄደ ወዲያ ሰው አይመልሰውም» አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ብሏል። ቅጣቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ዛሬ ሄጄ እናገር ነበር። ዋሱ ግን አባቴ ናቸው። በሰባ ሰባት ዓመታቸው በአንገታቸው የእስረኛ እንጨት እንዲገባ ማድረግ አልቻልኩም።

ስለዚህ ልጁ ታሟልና መቅረብ አይችልም ብዬ ለዘቡ አለቃ ጽፌያለሁ። ይቅር በዪኝ። ለምኑ እንደምልሽ አላውቅም። ለሁሉም።

ጂላንጋ


ቤጂንግ፣ አሥራ አንደኛ ጨረቃ፣ ቀን ፳

ለጂላንጋ

ይቅርታ ስለምትለው፣ ለውሃውም ለጉንጉኑም አመሰግናለሁ። የቀረውን ስትመጣ እንጣላበታለን።

ደብዳቤህን ለማንም አላነበብኩም። በምድጃው ፊት ተቀምጬ በልቤ ያዝኩትና አቃጠልኩት።

ሹም ሙታይ የሕመሙን ወረቀት ይዞ መጣ። እጅግ ተጨነቀና «ሕመሙ ምን ያህል ነው?» አለኝ።

«ከባድ ነው።»

«የሚሞት ዓይነት?»

«ምን ልበልዎት?»

«ሕመም ይፈቀዳል» አለኝ፣ ሽቅብ እያየ። «ሞት ነው የማይፈቀደው። ሠርጉ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከአራቱ ዕድለኛ ቤቶች በአንዳቸውም ነጭ አይሰቀል፣ ሙሾ አይሰማ የሚል መመሪያ ወጥቷል። አደራ፣ በመታመም ይቆይ።»

እንግዲህ ልጅህ በመመሪያ ታሞ ይከርማል።

የዘብ ልብሱን አምጥተውልናል። ሰማያዊ ነው፤ ባርኔጣው ላይ ላባ አለበት። ሳይካን ለብሳው ወደ ጓዳ ስትገባ አንድ አፍታ እርሱ መሰለኝ። በጥፊ መታኋት። ከዚያ ይዣት ቆየሁ። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ አሥራ አራት ዓመት ለመጠየቅ ሳይሆን ለመገመት ይበቃል።

በዚህ ቤት ቀይ ነው የሚለበሰው። ለቅሶ ቢመጣብኝ ሽንኩርት እከትፋለሁ። በዚህ ወር የከተፍኩት ሽንኩርት ለሦስት ሠርግ ይበቃል። እናትህ «ምነው ልጄ፣ ወጡ ሁሉ ሽንኩርት ሆነ» አሉኝ። አባትህ ግን ምንም ሳይሉ ጨለጡት። በየማለዳው «ልጁ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኝ ነበር። ካቆሙ አሥር ቀን ሆናቸው። ሲጠይቁኝ እፈራ ነበር፤ ከተዉት ወዲህ ደግሞ የባሰ ፈራሁ።

ሰዎች መንገድ ላይ እጄን ይነካሉ፤ ዕድሌ እንዲጋባባቸው። አዲስ ሙሽሮች እናቶቻቸው እየመሯቸው መጥተው እጅጌዬን ይዳስሳሉ። ትናንት አንዷን «ሂጂ ልጄ፣ እጅሽን ታጠቢ» ልላት ቃጣኝና «ብዙ ልጆች ይስጥሽ» አልኳት።

ኢልሐ


ቤጂንግ፣ የዶሮ ዓመት፣ ሁለተኛ ጨረቃ፣ ቀን ፳፯

ለጂላንጋ

ቁጭ ብለህ አንብበው። መርዶ በደብዳቤ መላክ ነውር ነው፤ ግን በዚህ ቤት ነውር ሆኖ ያልሠራነው ምን ቀረ። አባትህ በዚህ ጨረቃ በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ አረፉ። ሳል ነበር፤ አምስት ቀን። ሐኪሙ አልመጣም፤ ከሠርጉ ወዲህ ምላሳቸውን ማየት የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ሁሉንም አስወጡና እኔን ብቻ አስቀመጡኝ።

«ክረምቱን ሙሉ ሽንኩርት አበላሽኝ» አሉ። «አፌ ጥርስ የለውም እንጂ ዓይኔ ደህና ነው።»

ትራሳቸውን ከፍ አደረግሁላቸው።

«ዕድሜዬን በስሙ ላይ ጽፌ ሰጥቼው ነበር። አልያዘውም።» ከዚያ ብዙ ሳሉ። «አሁን ስሚኝ። ሰባ ስምንት ዓመት ኖሮ በአልጋው ላይ ለሚሞት ሽማግሌ ማልቀስ ጊዜ ማባከን ነው። ለቅሶው ግን በወጉ ይደረግ። በሩ ይከፈት፣ ነጩ ይሰቀል፣ ሰው ይጠራ። ለእኔ የምታዋጪው ጥቂት ይበቃኛል፤ የቀረውን ለሚገባው ስጪ። ለቅሶዬን ሰጥቼሻለሁ።»

«አባባ፣ መቼ አወቁ?» አልኳቸው።

«የስንዴ ዳቦ ማብሰል የተውሽ ዕለት» አሉኝ። እኔ መተዌን እንኳ አላስተዋልኩም ነበር።

ሲያርፉ ሹም ሙታይ እየሮጠ መጣ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞት አያውቅም። ለአማት አለማልቀስ ወንጀል ነው፤ በእኛ ቤት ማልቀስም እስከ መጸው ወንጀል ነው። ሦስት ስኒ ሻይ ጠጣ፣ ሁለት መጽሐፍ አገላበጠ፣ ጣሪያችንን ከዳር እስከ ዳር አየው። በመጨረሻ ጽፎ አተመ። ወረቀቱን አስቀምጬልሃለሁ፦ «ለአማቷ ብቻ፤ ለሰባት ቀን፤ በመጠኑ።»

በመጠኑ አላለቀስኩም። ከስድስተኛው ጨረቃ ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። መሬት ላይ ወድቄ መሬቱን መታሁት። ጠጉሬን ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ሰዎች ደግፈው ያነሱኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ከሌላ ሰፈር ሊያዩኝ ይመጡ ጀመር። ሳይካን ከጎኔ ተደፍታ አብራኝ ተንሰቀሰቀች። እናትህ ባላቸው ፊታቸው ተጋድሞ እጄን ያዙና በጆሮዬ «አልቅሺ ልጄ፣ እኔም ሁለቱን ነው የማለቅሰው» አሉኝ። ለካ ሁላችንም እያወቅን፣ አንዳችን ለሌላችን እየደበቅን ነው ክረምቱን የከረምነው።

ስም አልጠራሁም። ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ሰባት ቀን ሙሉ ስሙ በጥርሴ መሃል ቆመ፤ አላወጣሁትም።

አሁን ደግሞ የሆነውን ስማ። ለአማቷ እንዲህ ያለቀሰች ምራት በዘመናችን አልታየችም ተብሎ ወደ ላይ ተጻፈ። ትናንት ትልቅ ሰሌዳ በጡሩንባ መጣልን፤ «ለምራቶች ሁሉ ምሳሌ» ይላል፣ በወርቅ ቀለም። በሩ ላይ ተሰቅሏል። የሰፈሩ አማቶች ምራቶቻቸውን ጎትተው እያመጡ ያሳዩዋቸዋል፤ የሰፈሩ ምራቶች በሙሉ ጠልተውኛል። ሹም ሙታይ ሲሰቀል ቆሞ አየና፣ ዓይኑን ከሰማይ አውርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። «ልጁ አሁንም ታሟል?» አለኝ፣ በቀስታ። «ታሟል» አልኩት። «ይታመም» አለ። «እስከ መጸው ማንም አይጠይቅዎትም።» የገባው ይመስለኛል። ያን ያህል ጊዜ ሽቅብ ሲያይ የኖረው ላለማየት ኖሯል።

ለአባትህ ሐዘን መቶ ቀን ፈቃድ ይሰጥሃል። ና። ብቻህን አትምጣ፤ እርሱንም ይዘኸው ና። አዛዥህ ወረቀት ካልሄደ አይጠይቅምና ሣጥኑን ያለ ወረቀት፣ እንደ መኮንን ጓዝ ጫነው። በወረቀት ላይ መቼ እንደሚሞት ከመጸው በኋላ እናንተ ወንዶች ተመካክራችሁ ቀን ቁረጡ። እኔ የማውቀው ስድስተኛው ጨረቃን ነው።

ከአባትህ ጎን ሌላ ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ። ቆፋሪዎቹ ለማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለራሴ ነው አልኳቸው፤ ዕድለኛ ሴት አርቃ ታስባለች ብለው ተደነቁ። በገመድ ሊለኩኝ ሲሉ ግን ቆዩ አልኳቸው። ይዘኸው ስትሄድ እስከ ጆሮህ ይደርስ ነበር። በዚያ ዕድሜ ልጅ ቶሎ ይረዝማል። ከመነሳትህ በፊት ቁመቱን ጻፍልኝ፤ እንዳያጥረው።

ኢልሐ